የገበያተኛ መኪና

መካነ ሰላም፣ ቅዳሜ ጥር 9

የእህቴ የሰዓዳ ፈቃድ ሊያልቅ አምስት ቀን ቀረው። ከሪያድ ስትመጣ የለመነችኝ አንድ ነገር ነው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ከበራችን ቆመን የምናየውን ተራራ ወጥተን እንድናይ። "የአሠሪዬ ልጆች ስላገሬ ሲጠይቁኝ የማወራላቸው እሱን ነው። ረግጬው ግን አላውቅም" አለችኝ።

በገበያ ቀን መኪና አይጠፋም ብዬ ዛሬን መረጥኩ። እማዬ ቆሎ ቋጠረችልን። ጠዋት መናኸሪያ ስንደርስ በገበያ ቀን ብቻ የሚሠራው ሚኒባስ ከተራራው ገበያተኛ ጭኖ መጣና አራግፎ ቆመ። መቼ ተመልሶ እንደሚወጣ ሹፌሩን ጠየቅኩት።

"ገበያው ሲፈታ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት።"

"ማታውኑ ትወርዳለህ?"

"የለም እቴ፣ እዚያው ነው የማድረው። ደርሶ መልሱ ለነሱ እንጂ ለናንተ አይደለም።"

ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ኖሬ ይህን አለማሰቤ አናደደኝ። እዚያ እንዳናድር እማዬን ብቻዋን አናሳድራትም። ኮንትራት ብጠይቅም መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ እንቢ አለኝ። ሌላ የገበያ ቀን ደግሞ ሰዓዳ የላትም።

ቆሎውን መናኸሪያው ጥግ ተቀምጠን ቆረጠምን። ሰዓዳ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እማዬ መቅረታችንን አውቃ እንዳታዝን ብለን ከተማ ውስጥ ስንዞር ዋልን።

አመሻሽ ላይ ቤት ስንገባ እማዬ "እንዴት ነበር?" አለች።

"አልሐምዱሊላህ፣ እማ" አለች ሰዓዳ ቀድማኝ። ከዚያ ስለ ጉሙ፣ ስለ ጭላዳው፣ ከላይ ሲታይ ስለሚያንሰው ቤታችን ታወራላት ጀመር። አንዴም አልተደናቀፈች። ለካ ለዓመታት ስትለማመደው ኖራለች።