ማርቆስን ስጡን ያለው ደብዳቤ

ኅዳር 6፣ 1931 ዓ.ም.፣ ጧት
ገብስ አጨዳ። የሚጻፍ ስለሌለ እሜቴ ወ/ሮ አስካለ ጸሐፊነቴን ረስተው ማጭድ አስያዙኝ። ፈረንጁም አብሮን ያጭዳል። ጣሊያን ነው፤ ከጣሊያን የሸሸ። ከመንገድ ሥራው ጠፍቶ እሜቴ ቤት ከገባ አሥራ ሁለት ቀኑ። ስሜ ማርኮ ነው ይላል፤ እኛ ማርቆስ አልነው። ደብተሬ፣ አልገባኝም። ሰው ከገዛ ወገኑ ሸሽቶ ጠላቱ ቤት ይገባል? አዲስ አበባ በተማርኳት ፈረንሳይኛ ልጠይቀው ነው።

ኅዳር 7
ጠየቅሁት። አታሚ ነበር። መንግሥታቸውን የሚነቅፍ ወረቀት በስውር አተመ፣ ተያዘ። አስረው የጉሎ ዘይት ጋቱት፣ ጠርሙስ ሙሉ። አብሮት የታሰረው ጓደኛው በዚያው ሞተ፤ እሱን ለመንገድ ሥራ ወደዚህ ላኩት። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ኮሶ መስሎኝ። እኛ ወደን እንጠጣ የለ? እሱ ግን ማጭዱን ጥሎ ጀርባውን ሰጠኝ። አፈርኩ።
ወሬ ለመለወጥ የኅትመቱን ሥራ ጠየቅሁት። ጭቃ ላይ እየጻፈ አሳየኝ። ለካ ፊደሉ ተገልብጦ ነው የሚደረደር! ሲያስረዳኝ ፊቱ ፈታ አለ።

ኅዳር 9፣ 8 ሰዓት
ከጣሊያኖቹ ምሽግ ለእሜቴ ደብዳቤ መጣ። ያመጡት የደብራችን ቄስ፣ መምሬ ኃይሌ። ማርቆስን አሳልፈው ይስጡ፤ በምትኩ ልጅዎ ጌታቸው ይለቀቃል። ሦስት ቀን ሰጥተዋል። ጌታቸው በሰኔው ውጊያ የተማረከ ነው፤ አንድ ልጃቸው። እሜቴ ሁለቴ አስነበቡኝ። ከዚያ ወደ አውድማው ወጡ።

ኅዳር 10
መምሬ፣ ፈረንጅ ለፈረንጅ ቢሰጥ ምን ኃጢአት አለው ይላሉ። ሰውም ያጉረመርማል። እኔስ? ጌታቸው አብሮ አደጌ ነው። ማርቆስን ሸሽቼው ዋልሁ።
ማታ ላይ ራሱ መጣ። ጫማውን አጥብቆ አስሯል። ሄጄ እጄን እሰጣለሁ፣ ለእሜቴ ንገርልኝ አለ። የጓደኛውንም አሟሟት ጨምሬ ነገርኳቸው።
«ጓደኛውን ለምን ገደሉት? ነፍስ አጥፍቶ ነው?»
«የለም እሜቴ። ወረቀት አትሞ።»
«ወረቀት ብቻ?»
«ብቻ።»
ማርቆስን ትክ ብለው አዩት።
«ልጄ የተያዘ ጠመንጃ ይዞ ነው። ይኼን ግን አስሬ የምሰጠው እኔ ነኝ። አላደርገውም በለው።»
አልኩት። መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ኅዳር 11፣ ንጋት
መልሱ አንድ መስመር ሆነ፦ ቤቴ የገባ ሰው አልሰጥም። ማኅተሙን ራሳቸው መቱ። ከዚያ ፊታቸውን በኩታቸው ሸፈኑ። ወጣሁላቸው። ጌታቸውን ምን ያደርጉት ይሆን? ይህን መጠየቅ አልደፈርኩም።
ማርቆስን ጀማ ወንዝን አሻግሬ መርሐቤቴ ላሉት አርበኞች ላደርስ ነው። ማንም አላዘዘኝም፤ እኔው ልሂድ አልኩ። ደብተሬ፣ አንቺን አልወስድሽም። ብያዝ የሁላችን ስም አለብሽ። ለእሜቴ እሰጥሻለሁ። በቅሎው ተጭኗል፣ እየጠሩኝ ነው።