የሐሙስ መቀመጫዬ

ሐሙስ፣ ጥር 7፤ ከሚሴ፤ ምሽት 1 ሰዓት

ዛሬም ተነሣሁ። ሦስተኛ ሐሙስ መሆኑ ነው።

ሐሊማ ቤት፣ የሐሙሱ የሴቶች ጸሎት፣ ወዳጃው ላይ። ሴቶቹ ከአስር ሰላት በኋላ ለዱዓ ተሰብስበው ገና ቦታ ቦታቸውን እንደ ያዙ እግሬ ጀመረው። ሐሊማ እጇን ዘርግታ ለአገር ሰላም ስትለምን እኔ በር ላይ ጫማዬን እፈልጋለሁ። አሚን ሲሉ ከኋላዬ ሰማሁ። ዱላዬን ይዤ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ፤ ተወኝ። ልመለስ ስል አፈርኩ። ቤቴ መጣሁ።

ደብተሬ፣ ላንቺ እንኳ በትክክል ልጻፈው። ሕመም አይደለም። መደንዘዝም አይደለም፤ መደንዘዙን ዘጠኝ ዓመት አውቀዋለሁ፣ የነርቭ በሽታዬ፣ የመልቲፕል ስክለሮሲሱ ነው። ይኼ ሌላ ነው። ከጉልበቴ በታች፣ አጥንቱ ውስጥ፣ አንድ ነገር ተነሺ፣ ተነሺ ይላል። እምቢ ካልኩ ይብሳል። በቅጡ መሄድ ያቃተው እግር መቀመጥ አልፈልግም አለ። ምን ዓይነት ጥጋብ ነው!

ዓርብ፣ ጥር 8

ልጄ ነጃት ከደሴ ደወለች። ሐሙስ እንዴት ነበር አለች። ጥሩ ነበር አልኩ። ውሸት። ሠላሳ ሁለት ዓመት ት/ቤት ውስጥ ውሸት የቀጣሁ ሴት።

ሐሙስ፣ ጥር 14፤ 10 ሰዓት ተኩል

አልጠሩኝም።

በየሐሙሱ ጠዋት ጎረቤቴ ዘይነባ የጨርቅ ሱቋን ከመክፈቷ በፊት በአጥሩ ላይ ትጣራ ነበር። ድሮ ተማሪዬ ነበረች፤ አሁን የልጅ ልጅ አላት። ዛሬ ሱቁ ተከፈተ፣ ድምፅ የለም። ቢሆንም ለባብሼ ጠበቅኩ። ሴቶቹ በበሬ በኩል አለፉ። እየተሳሳቁ ነበር፤ በሬ ጋ ሲደርሱ ዝም አሉ። ካለፉ በኋላ ሳቁ ቀጠለ።

ጂን አለባት ብለው ይሆናል። እግሬ ሲወራጭ አይተዋል።

ራዲዮ ከፈትኩ። ዘጋሁት። ከሰኞ ወዲህ ከሰው ጋር የተነጋገርኩት አንድ ጊዜ ነው፤ ከወተት ሻጯ ጋር።

ማክሰኞ፣ ጥር 19፤ ደሴ

መጨረሻ ላይ ለነጃት ነገርኳት። ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ዶ/ሩ ልጅ ነው፤ ጽሕፈቱ አይነበብም። ሲቀመጡ ይጀምራል? አዎ። ሲሄዱ ይተዋል? አዎ። ወደ ማታ ይብሳል? አዎ። እንዲህ ያለው ነገር የኔ ዓይነት በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው ይበዛል አለ። ስም አለው፦ እረፍት የለሽ እግር። ስሙን በሚነበብ ፊደል አስጻፍኩት። ብረት አንሶኝ እንደሆነ ሊያዩ ደም ሰጠሁ። ለጉንፋን የምውጠውን እንክብል አሳየሁት፤ አንዳንዱ ያባብሳል አለ። ቡናም ከቀትር በኋላ ይቅር ተብያለሁ። እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ አለኝ። ትክክለኛውን ቃል እየፈለግኩ አልኩት። ነጃት ሳቀች። ታክሲ ውስጥ ግን ወደ መስኮቱ ዞራ ቀረች።

ማታ እዚሁ ኑሪ አለች። እምቢ አልኩ። ከሚሴ ማን አለሽ አለች። ሐሙስ አለኝ ልል ነበር። እሱም የለም።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ከመናኸሪያ ቀጥታ ዘይነባ ሱቅ ገባሁ። ለምን አልተጣራሽም አልኳት። ጨርቅ ታጥፋለች፤ የታጠፈውን ፈትታ እንደገና ታጥፋለች። ከዚያ ወጣላት።

"እኛማ የተቀየሙን መስሎን ነው። ሐሊማ ዱዓውን ስትጀምር ይነሣሉ። አንዴ አይደል፣ ሦስቴ! መምህርት ስህተት አገኘችብኝ ብላ ሐሊማ እንቅልፍ አጣች። እርስዎ ካሉማ አፏ ይያያዛል።"

ስለዚህ ተዉኝ። ፈርተውኝ። ይኼን ሁሉ ጊዜ እኔ ጂን ያሉኝ መስሎኝ።

እግሬን ነገርኳት። አላመነችም። የዶ/ሩን ወረቀት አሳየኋት። አነበበች፤ ከዚያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

"ያ አላህ! እኔን እኮ እግርሽን አወዛወዝሽ ብለው ግድግዳ ሥር አቁመውኛል፣ መምህርት!"

ስንት ቀን አልኳት። ሳምንት ሙሉ አለች። እኔ አላስታውሰውም። እሷ የቱ ግድግዳ እንደሆነ ሳይቀር ታውቃለች። ይቅር በይኝ ማለት ነበረብኝ። የጨርቁን ዋጋ ጠየቅኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 21፤ 9 ሰዓት ከሩብ

ጠዋት በአጥሩ ላይ ተጣራች። ሁለት ጊዜ እንድትጣራ ዝም አልኩ፤ ድምፁን መስማት ፈልጌ።

ወስኛለሁ። ሐሊማ እንደ ልማዷ በሩ ላይ በኦሮምኛ ታኢ፣ ታኢ፣ ተቀመጪ ትለኛለች። አልቀመጥም። ሁሉም ባሉበት እግሬ ታሞ ነው እላለሁ፤ በዘይነባ አፍ ሳይሆን በራሴ። ዱዓሽ እንከን የለበትም አልላትም፤ አለበት። ሳልሰማው ስቀር ሳምንቱ አላልቅ አለኝ እላታለሁ። እሱ እውነት ነው። ዘይነባንም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የቀጣኋት በሰው ፊት ነው፣ ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁን።

ከዚያ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፌ እቆማለሁ። ሲደክመኝ እቀመጣለሁ፤ ሲያስነሣኝ እነሣለሁ። አሚን የምለው ግን ከውስጥ ሆኜ ነው።

ዘይነባ መጣች። ዱላዬን አልጋው ሥር እየፈለገችልኝ ነው፤ ልሂድ።