ለጽጌረዳዎ የተደረገው ለእህቴም ይደረግ

ለተከበሩ የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ በተለይም ለጽጌረዳዎችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ዘመዶቼ ምላሷ ከቁመቷ ይረዝማል ይሉኛል። ይህን የምጽፍልዎ ልከስዎ ፈልጌ አይደለም፤ ቅናት አላስቀምጥ ብሎኝ ነው።

የምቀናው በጽጌረዳዎችዎ ነው። አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበረ እርሳሱን የሚያቀልጠው ወርክሾፕ ከግቢዎ ጀርባ በነበረ ጊዜ ቅጠላቸው ገረጣ፤ ወዲያው ባለሙያ መጥቶ አፈሩን መረመረ፣ እርሳስ አገኘበት። በሳምንቱ አፈሩ ተዝቆ አዲስ ገባላቸው፤ ወርክሾፑም ተነቅሎ እኛ ግድግዳ ሥር ተተከለ። ስለ ጎረቤቱ እናመሰግናለን። አባቴ ሳይቀር እዚያ ተቀጥሮልዎታል።

እንግዲህ ቅናቴን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ጽጌረዳዎችዎ አባት የላቸውም፤ ታድለው! ወርክሾፑ መታጠቢያም ልብስ መቀየሪያም ስለሌለው አባቴ አቧራውን እንደለበሰ ይመጣል። የአምስት ዓመቷ እህቴ ደግሞ በሩ ሲንኳኳ ሮጣ ጉልበቱ ላይ ትጠመጠማለች፣ ከዚያ ጣቷን ትጠባለች። ሐኪሟ ደሟን አስመርምራ እርሳስ በዝቶበታል ካለችን ወዲህ አባቴ በር ላይ ቆሞ «አትንኪኝ!» ይላታል። እሷም ያጠፋች መስሏት «ሁለተኛ አይለምደኝም፣ አባዬ» ትለዋለች።

፪. ጽጌረዳዎችዎ ሲገረጡ ማንም ሰነፍ አላላቸውም። እህቴ አምና እስከ ሃያ ትቆጥር ነበር፤ ዘንድሮ ስምንት ላይ ስትደርስ ይጠፋባታል። ሆዷን ይቆርጣታል፣ በረባ ባልረባው ትነጫነጫለች። አያቴ «አታካብዱ፣ የእኛ ዘር ዘግይቶ ነው የሚበስለው» ይላሉ፤ በሰባ ስምንት ዓመታቸው እርሳቸውን እያየሁ ማመን አይከብደኝም። ሐኪሟ ግን እርሳስ የሕፃን አእምሮን እንደሚጎዳ፣ የተጎዳውም ሙሉ በሙሉ ላይመለስ እንደሚችል፣ ዋናው ነገር ዛሬውኑ ከእርሳሱ መራቋ እንደሆነ ነግራናለች።

፫. እናቴ በሠፈር ስብሰባ ላይ ተነስታ ስለ እህቴ ብትጠይቅዎ «ወተት ስጧት፣ ያረክሰዋል» አሏት፤ የሠፈሩ ሽማግሌዎችም አጨበጨቡ። ይህን የመሰለ መድኃኒት በእጅዎ እያለ ጽጌረዳዎችዎን ወተት አለማጠጣትዎ ያሳዝናል፤ ያን ሁሉ አፈር ማጋዝ ምን አስፈለገ?

ስለዚህ ክቡርነትዎ እህቴን በአበባነት እንዲመዘግቡልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ያኔ ግቢያችን ይመረመራል፣ ወርክሾፑም ከመኖሪያ ቤት ይርቃል። እስከዚያው ግን ሠራተኞቹ ታጥበውና ልብስ ቀይረው የሚወጡበት አንዲት ክፍል ትሠራላቸው።

ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣
ገና የአበባ ማዕረግ ያላገኘች ሕፃን ታላቅ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከጽጌረዳዎችዎ ሥር የተዛቀው አፈር የት እንደደረሰ አሳስቦዎት ከሆነ አይጨነቁ፤ የጭነት መኪናው ደጃችን ያለውን ጉድጓድ ሞልቶበታል። ትናንት እህቴን ከላዩ ጎትቼ ሳነሳት በጭቃው ቤት ሠርታ ጨርሳ ነበር። በሩ አጠገብ ስላለችው ትንሽ ክፍል ብጠይቃት «አባዬ የሚታጠብባት ናት፤ ከዚያ ያቅፈኛል» አለችኝ። ከጽሕፈት ቤትዎ ስለቀደመች ይቅርታ ያድርጉላት።