ከነቅርፊቱ አጥሬ ሥር ስለተቆለለው ግንድ

ለተከበሩ የደን ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤንነትዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔና ታላቅ እህቴ፣ ከመጋዛችሁ ጩኸት የተረፈውን ያህል፣ ደኅና ነን። በአደባባይ የምጽፍልዎ ጸሐፊዎ በሄድኩ ቁጥር ስብሰባ ላይ ናቸው እያለች ስለምትመልሰኝ ነው።

ከቤታችን ጀርባ ባሉት ጥዶች ላይ የቅርፊት ጥንዚዛ መግባቱን ሰምተው ሠራተኞች ስለላኩልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሆኖም ያስተማሩኝ ሰዎች ስሕተት አይቶ ማለፍን ስላላስተማሩኝ፣ የሚከተለውን እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ሠራተኞችዎ አስቀድመው የጣሉት ከደረቀ ዓመታት ያለፉትን ጥድ ነው። ጥንዚዛዋ የምትፈልገው ከቅርፊቱ ሥር ያለውን እርጥብ ሽፋን ነው፤ ቡናማ ዱቄት እያረገፈች ትገባለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ትሎቹም ግራና ቀኝ እየፈለፈሉ አድገው፣ ክንፍ ሲያወጡ ይሄዳሉ። ከደረቀው ጥድ ከሄዱ ቆይተዋል። እዚያ የቀረው ግንዱ ውስጥ ጎጆ ሠርቶ ከጎረቤት ዛፎች ትል እየለቀመ የሚበላው ግንደ ቆርቁር ነበር። ሌባው ካመለጠ በኋላ ዘበኛውን እንደማሰር ነው። አልጋ ላይ የዋለችው እህቴ ሲቆረቁር የምትሰማው እርሱን ነበር፤ አሁን እኔ አነብላታለሁ፣ ወፉ ይሻለኝ ነበር ብላኛለች።

ሁለተኛ፣ ጠንካራ ጥድ የምትበሳውን ጥንዚዛ በሙጫ ያሰጥማታል። የእኛዎቹ የደከሙት መሥሪያ ቤትዎ ቦይ ሲቆፍር ሥሮቻቸውን ከቆራረጠ ወዲህ ነው። የደከመውን መጣል፣ ለችግኝ ብርሃን መክፈት፣ ግንዱን ወደ አፈር መመለስ የጥንዚዛዋ የቆየ የደን ሥራ ነው፤ ጠርታችኋታል፣ መጥታለች።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ቅጠላቸው ለምልሞ ሳለ ትል የሞላባቸውን ጥዶች በትክክል ቆረጣችሁ፤ ግንዱን ግን ሳትልጡ ከአጥሬ ሥር፣ ጤነኛ ሆነው ከቀሩት ሁለት ጥዶች አጠገብ ቆለላችሁት። የሠራተኞቹን አለቃ ልጡት ወይም ውሰዱት ስለው፣ መቁረጥ እንጂ መላጥ እንዳልታዘዘ በትሕትና አስረዳኝ። ሙቀቱ ሲበረታ ጥንዚዛዎቹ ይወጣሉ፤ አንዷ ዛፍ ስታገኝ በጠረን ትጣራለች፣ ሌሎቹ ይሰበሰባሉ፣ ሲበዙም የጠነከረው ዛፍ አይችላቸውም። ቦታው ሲሞላ በሌላ ጠረን በቃ ይባባሉና ቀሪዎቹ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ስብሰባ ማለት እንዲህ ነው፤ ይጀመራል፣ ይወሰናል፣ ያልቃል።

እነዚያን ሁለት ጥዶች እህቴ ከአልጋዋ ሆና ታያቸዋለች። እነርሱ ከሄዱ የሚቀርላት የጎረቤት ግድግዳ ነው። ስለዚህ ግንዱ በዚህ ሳምንት ይነሣ፣ ወይም ቅርፊቱ ተልጦ ይቃጠል።

እንደ ቢሮዎ በር በጥብቅ የተጠበቀ ጤና እየተመኘሁልዎ፣ ጊዜዎን ስላልሰጡኝ ጭምር እያመሰገንኩ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

ከጥዶቹ ጎን የምትኖር ጡረተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከአጥራችን ማዶ «ከጥንዚዛ ነጻ የሆነ አካባቢ» የሚል ሰሌዳ ተተክሎልናል፤ እጅግ አምሮበታል። ቋሚዎቹ ከዚያው ክምር የተወሰዱ ናቸው፣ ከነቅርፊታቸው። ዛሬ ጠዋት ቅርፊታቸው በትናንሽ ቀዳዳዎች ተበሳስቶ ከሥራቸው ቡናማ ዱቄት ረግፎ አየሁ። ሊመርቁት ይመጣሉ ሲባል ሰምቻለሁና አይቆዩ፤ ተቀባዮችዎ መውጣት ጀምረዋል።