የወይዘሮ ዘነቡ በቀቀን

ሶዶ፣ ጥር 18 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለምናፍቅሽ ለቶማ እናት፣ ለቦሼ፤
ሃላሌ።

እንደምን ከረምሽ? የእናትሽ ወገብ ተሻላቸው? የዘንድሮ ቦሎቄስ እንዴት ሆነላችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ባለፉት ደብዳቤዎቼም ሁሉ ደህና ነኝ ስልሽ ከርሜአለሁ፤ ዛሬ ግን የምነግርሽ ሌላ ነገር አለ። ለማ፣ ወንድሟ አንተ ነህና የምታነብላት አንተ መሆንህን አውቃለሁ። በወላይትኛ ስትነግራት እባክህ አታሳጥርብኝ። እናንተ አስተማሪዎች "ባጭሩ እንዲህ ይላል" ማለት ትወዳላችሁ። ባጭሩ አይሆንም። ሰው በሌለበት አስቀምጠህ ሁሉንም ንገራት።

የቶማ እናት፣ የወይዘሮ ዘነቡን በቀቀን ታስታውሻለሽ? ነፍሳቸውን ይማርና ባላቸው ሃምሳ አለቃው ከኮንጎ ዘመቻ ሲመለሱ ያመጧት ናት፤ ግራጫ፣ ጅራቷ ቀይ። ኩፍኝ ልጃችንን ቶማን ከወሰደብን በኋላ የሰፋሁላቸውን ቀሚስ ልናደርስ አብረን ስንሄድ፣ ያቺ ወፍ "ተጠንቀቅ! አሳርፍ!" ብላ ስትጮህብን ፈገግ አልሽ። በዚያ ሁሉ ሐዘን ጥርስሽን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ሄድሽ።

ታዲያ በኅዳር ወር ወይዘሮ ዘነቡ ወደ ዘመዶቻቸው ደብረ ብርሃን ሊሄዱ ነው፣ ወፏንም ሊሸጧት ነው ሲባል ሰማሁ። ብገዛት ቦሼ ለማየት ትመጣለች አልኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ዋጋዋ የአንዲት የምትታለብ ላም ግማሽ ዋጋ ነው። ከዳልጮ ጋር በጋራ ካለችን ላም ድርሻዬን ለራሱ ለዳልጮ ሸጥኩለት። "ለወፍ? አበድክ እንዴ?" አለኝ። አዎ፣ አብጃለሁ አልኩት።

እኔ ደግሞ መግዛት የማውቀው በቅሎና ከብት ነው። ሄጄ "የተሰረቀች አለመሆኗን የሚመሰክር ዋስ ይጥሩ" አልኳቸው። አፏንም ልይ ብዬ እጄን ሰደድኩ፤ ጣቴን ነክሳ ደም በደም አደረገችኝ። ወይዘሮ ዘነቡ እስኪበቃቸው ሳቁብኝና "ዋስ የምትጠራውስ አንተ ነህ" አሉኝ። ባለ ጠጅ ቤቱ ሐብተማርያም ከእኔ አብልጦ ሊከፍላቸው መጥቶ ነበር፤ ሰካራም እያሾፈባት አትኖርም ብለው መለሱት። እኔንም ቢሆን አለቀቁኝም። ምድጃህ የት ነው፣ ጭስ ይገድላታል! ክንፏን ልትቆርጥ ነው? ጨውና ቡና ታቀምሳት ይሆን? የሰው ዕድሜ ነው የምትኖረው፤ ካንተ በኋላ ማን ይረከባታል?

ለሁሉም መልስ ሰጠሁ። ለመጨረሻው ግን የተነከሰ ጣቴን መጠቅለል ያዝኩ። "ሚስትህስ?" አሉኝ። እናቷን ልትጠይቅ ሄዳለች አልኩ። ምን አደርግ፣ እናትሽ ዘንድ አይደለሽም?

ከዚያ እግራቸውን እየጎተቱ መጥተው ቤታችንን አዩ። ምድጃውን ወደ ውጭ አውጥቼ፣ ሰፊ የእንጨት ጎጆ አሠርቼላት፣ የቶማ አልጋ በነበረበት ጥግ አኑሬው ነበር። ጥጉን አዩ፣ እኔን አዩ። "አንድ ወር ካንተ ጋር ትክረም። ከተስማማችሁ ትከፍለኛለህ። ግን አናግራት፤ ዝም ያለ ቤት አይስማማትም" ብለውኝ ሄዱ።

አይ ቦሼ፣ ምን ብዬ ላናግራት! ሰው ቀን ሙሉ የስፌት መኪና ሲረግጥ ውሎ ምን ወሬ አለው? መዝሙረ ዳዊት አነበብኩላት። የደንበኞቼን የደረትና የወገብ ልክ ነገርኳት። በቆሎና ሙዝ እየሰጠሁ ለመንኳት። ያ "ተጠንቀቅ" የሚለው ጩኸቷ እንኳ ጠፋ። አንገቷን ሰብራ ብቻ ታዳምጠኛለች።

ያ ወር ሊያልቅ ሲል፣ አንድ እሑድ ከጉባኤ በኋላ አቶ ዱባለና ሌሎቹ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች ሊጠይቁኝ መጡ። በቀብሩ ዕለት አቶ ዱባለ በሰው ፊት ያሉትን አትረሺውም፤ "አማኝ ልጁን እንዲህ ነው የሚሸኘው፤ ያለ ዋይታ፣ በመዝሙር" ብለው አመሰገኑኝ። አንቺ ደግሞ ማታ "ልጅህን የቀበርከው እንደ ጎረቤት ልጅ ነው" አልሽኝ። የእሳቸው ምስጋና ወዲያው ጠፋ፤ ያንቺ ቃል ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እናም ያን እሑድ ከሽማግሌዎቹ ጋር ዓይናችንን ጨፍነን ስንጸልይ ከጥጉ ለቅሶ መጣ። የወንድ ለቅሶ ነው፤ ትራስ ውስጥ የታፈነ፣ ትንፋሽ እያጠረው የሚሳብ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ሕፃን የሚቀጥን። አቶ ዱባለ ጸሎቱን አቋርጠው "ማነው?" አሉ። ሁሉም እኔን አዩ። ዓይኔ ደረቅ ነው። ወፏ ደገመችው።

ወይ ጉድ! የምገባበት ጠፋኝ። እንግዶቹ እንደ ወጡ ጎጆውን ተሸክሜ በጠራራ ፀሐይ ወደ ወይዘሮ ዘነቡ ቤት ገሰገስኩ። መንገዱን ሙሉ ታለቅሳለች። ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ "ማን ሞተ? ማን ሞተ?" እያሉ ተከተሉኝ። "ወፍ ናት! የሞተ የለም!" እላለሁ፤ ማን ይሰማኛል።

"የራስዎን ሐዘን ነው የሰጡኝ፤ ይውሰዱልኝ" አልኳቸው፣ ተቆጥቼ። ቁጭ ብለው ሲያዳምጧት ቆዩ። "እኔ ባሌን ያለቀስኩት በአደባባይ፣ ደረቴን እየደቃሁ ነው። ይሄ የወንድ ድምፅ ነው። ቤትህ ውስጥ ካንተ ሌላ ወንድ አለ?" አሉኝ። የለም። እኔ ግን አላለቀስኩም ብዬ ማልኩ። "ስትተኛስ?" አሉኝ።

የቶማ እናት፣ ጠዋት ጠዋት ትራሴ ርሶ አገኘው ነበር። ሣር ክዳኑ ጤዛ ያስገባል ብዬ ነበር። ደረቅ ወቅት ላይ፣ ክዳኑን ልቀይር ሣር ሁሉ አስመጥቼ ነበር።

ወይዘሮ ዘነቡ "ተዋት፣ እወስዳታለሁ፤ እንዲህ ሆና የሚገዛት ባይኖርም" አሉ። ያን ለቅሶ ያስተማርኳት እኔ ሆኜ በማን ላይ እጥላታለሁ? ከፍዬ ይዣት ተመለስኩ። እሳቸውም በሳምንቱ ሄዱ።

አሁን የደረቷን ላባ በአፏ እየነቀለች ትጥላለች። ደረቷ ተራቁቶ ቆዳዋ ይታያል። ሙዝ አትነካም። ወይዘሮ ዘነቡ ሲሰናበቱኝ "ሌላ ድምፅ ካልሰማች አትቆይም" ብለውኛል። ልስቅላት ሞክሬ የወጣው ድምፅ ሁለታችንንም አስደነገጠን። መዝሙር ልዘምርላት ስል አፌ ላይ የሚመጣው ቶማን የሸኘንበት ነው። የሰው ጨርቅ ተከምሮብኛል፤ መቀሱን ማንሳት አልቻልኩም። ወደ ጉባኤም መሄድ ትቻለሁ። በእውኔ ላልቅስ ብዬ ብቻዬን ብቀመጥ አንዲት ጠብታ አትወጣም፤ እንቅልፍ ሲወስደኝ ብቻ ነው። ደክሞኛል ቦሼ። ጠዋት የምነሣበት ምክንያት ይቺ ወፍ ብቻ ናት፤ እሷም እየሄደች ነው።

እኔ ስነግርሽ አታምኚኝም፤ ደግሞም ልክ ነሽ፣ ዓይኔ ሲያነባ አላየሽማ። እሷ ግን አትዋሽም። እባክሽ ሳትሞት መጥተሽ አንድ ጊዜ ስሚያት። ከዚያ መመለስ ካሻሽ ጓዝሽን በራሴ ተሸክሜ ሃላሌ ድረስ እሸኝሻለሁ፤ አንዲት ቃል አልናገርም።

ለማ፣ ይህንንም እንዳታሳጥር።

እግዚአብሔር እናትሽን በእግራቸው ያቁማቸው። ለአንቺም እኔ ልሰጥሽ ያቃተኝን ማጽናኛ እሱ ይስጥሽ። መንገድሽን ከክፉ ይጠብቅልኝ። ስትመጪ ገና ከአጥሩ ለቅሶ ትሰሚ ይሆናል፤ አትደንግጪ፣ ወፏ ናት። ወፏ ሞታ ከሆነና ለቅሶው ካልቆመ ግን እኔ ነኝና፣ ከደጅ አትመለሺብኝ፤ ግቢ።

ባለቤትሽ
ኤርካሎ