ጀርባቸው ሐኪሞችን ያላስማማው ተዋናይ፣ አቶ አምብሮዝ ፔልዌል

አቶ አምብሮዝ ፔልዌል ከኮርቻ ሰፊው ከአባታቸው ከአቶ ሂዩ ፔልዌልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማርጀሪ በ1571 ዓ.ም. በኖሪች ከተማ ተወለዱ። ሲወለዱ ጀምሮ ጀርባቸው ጎባጣ ነበር። አዋላጇ “እናትየው ነፍሰ ጡር ሆነው ግመል አይተው ደንግጠዋል” አለች፤ ሐኪሙ ቁጣና ክፋት ያመጣል የሚባለው ጥቁር ሐሞት በሰውነታቸው በዝቶ ነው አሉ። እናታቸው ግመል አይተው አያውቁም። ቢሆንም እስኪሞቱ ድረስ “በሕልሜ አይቼ ይሆን?” ይሉ ነበር።

በከተማው የላቲን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በ1590 ዓ.ም. ለንደን ሄደው ከቴምዝ ወንዝ ማዶ በሚገኝ የተዋንያን ጓድ በአልባሳት ጠባቂነት ተቀጠሩ። ጀርባው ላይ ሱፍ እያሰረ ጎባጣውን ተንኮለኛ አማካሪ የሚጫወተው ሰው በንዳድ ሲተኛ፣ ቦታው ለእርሳቸው ተሰጠ። ተመልካቹ ግን “ኧረ ወንድሜ፣ ትራስህ ወደ ጎን ሸሽቷል፣ አስተካክለው!” እያለ ጮኸባቸው። ከዚያ ወዲያ እውነተኛው ጀርባቸው እውነት እንዲመስል ሱፍ እየታሰረበት ተጫወቱ።

ካገቡ በኋላ አንድ ቀን ዶክተር ሌናርድ ክሬን ከመድረኩ ኋላ ገብተው ጀርባቸውን ዳሰሱ።

“እውነተኛ ነው! ታዲያ ክፋትህ የት አለ? የጠመመ አካል የጠመመ ልብ ይዞ ነው የሚመጣው።”

“እኔም እየፈለግሁት ነው፣ ጌታዬ። ካገኙት ለባለቤቴ እንዳይነግሩብኝ።”

ቀልደው ይለፉት እንጂ ነገሩ ከልባቸው አልወጣም። ቤት ውስጥ በተቆጡ ቁጥር “ይሄ ሐሞቱ ነው ወይስ እኔ ነኝ?” ብለው ይጠይቁ ነበር።

በ1598 ዓ.ም. ወይዘሮ ሲስሊ ባርዌልን አግብተው ቶማሲንና ዶርካስ የተባሉ ሁለት ሴቶች ልጆች ወልደዋል። የሁለቱም ጀርባ ቀጥ ያለ ነው፤ ዶክተር ክሬን ለዚህ መልስ አላገኙም።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም የካቲት 9 ቀን 1619 ዓ.ም. ዐረፉ። ሲገነዙ ግን እንደ ወጉ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አድርጎ ማስተኛት አልተቻለም። ዶክተር ክሬን “በድን አያመውም፣ በገመድ እናቃናው” አሉ። የደብሩ ቄስም “በትንሣኤ ቀን ቀጥ ብሎ ነው የሚነሣው፤ ዛሬ ቢቃና ምን አለበት?” ሲሉ ወይዘሮ ሲስሊ እንዲህ መለሱ፦

“አባቴ፣ ቀጥ ብሎ ከተነሣ እኔ በምን ላውቀው ነው?”

ቤተሰቡ ማን ልክ እንደሆነ እስካሁን አያውቅም። ስለዚህ አቶ አምብሮዝ ዛሬ የሚቀበሩት፣ ሃያ አንድ ዓመት ከባለቤታቸው አጠገብ እንደተኙት፣ በቀኝ ጎናቸው ነው።

ለምን እንዲህ አድርጎ እንደሠራቸው የሚያውቅ ፈጣሪ፣ እንደሠራቸው ይቀበላቸው። አሜን።