ሃያ አራት ዓመት የዘገየ እልልታ

ለታናሽ እህቴ፣

እንዴት ነሽልኝ እህት ዓለም? ያ ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? የባለቤትሽ ሳልስ ለቀቀው? አራሷ ልጅሽስ በረታች? ሕፃኑ እንቅልፍ ይሰጣችኋል ወይስ ቤቱን በአንድ እግሩ አቁሞታል? እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ አንዳንዴ ቢያኮርፈኝም እስካሁን አልተጣላንም።

ደብዳቤሽ ሐሙስ ደረሰኝ። የሆስፒታሉን አንሶላ በምናጣጥፍበት ክፍል፣ በምሳ ሰዓት አነበብኩት። «ልጄ ወንድ ልጅ ተገላገለች» ትይና ወዲያው «ለማሳወቅ ያህል ነው» ትያለሽ። ይህች «ለማሳወቅ ያህል» አንጀቴን በላችው። የልጅ ልጅ ያየች ሴት እንደ ስብሰባ ጥሪ ትጽፋለች? ግን ማን እንዳስለመደሽ አውቃለሁ።

መልስ ልጽፍልሽ ብዬ ቃል አጣሁ። አብረውኝ የሚሠሩትን ሴቶች፣ ሰው በጣም ደስ ሲለው ምን ብሎ ይጽፋል ብዬ ጠየቅኋቸው። ወትሮ አፌን ስለማልከፍት መጀመሪያ ደነገጡ፤ ከዚያ ማን ያቁማቸው! ካውያ የምትይዘው፣ ጮቤ ረገጥኩ በይ አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ፣ በዚህ ወገብሽ ጮቤ ብትረግጪ አልጋ ይዘሽ ትቀሪያለሽ ብላ አሾፈችብኝ። ሳሙና የምትመዝነው «ሐሤት አደረግሁ» ያምራል ብትል፣ እሱ ለመጽሐፍ ነው፣ ይቺ ለእህቷ ነው የምትጽፈው ብለው ዝም አሰኟት። «ፈነጠዝኩ» ለወጣት፣ «ቦረቅሁ» ለጥጃና ለሕፃን ነው ተባለ። «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» የምትለዋን እኔው ተውኳት፤ ሰው በጠላቱ ውድቀትም ይላታልና።

በመጨረሻ እንደ አምቡላንስ በሚጮኸው ድምጿ «ሳይረን» የምንላት አንጋፋዋ፣ ምን ታደክሚናለሽ፣ ለወለደች ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው የሚባለው አለችኝ። ለልጅቷስ እሺ፣ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ለእናቷስ? አልኳት። እናቷማ የዛሬ ሃያ አራት ዓመት ተብላ የለ እንዴ ብላ ሳቀች። ሁሉም ሳቁ። እኔ አንሶላዬን ይዤ ቀረሁ። አልተባልሽማ።

ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ነበር የሚያነብልኝ፣ የምለውንም የሚጽፍልኝ። «እትዬ፣ ሴት ልጅ ወለድኩ፤ ከደስታዬ ብዛት የምሆነውን አጣሁ፤ እልል በይልኝ» ብለሽ ጻፍሽ። በዚያው ወር የእኔ ልጅ ሞቶ ተወልዶ ነበር። አልነገርንሽም። ባለቤቴ ብዕሩን ይዞ ምን ልበላት አለኝ። «ደብዳቤሽ ደርሶናል» በላት አልኩት። ይህ ብቻ? ቢለኝ ይህ ብቻ አልኩት። ሐዘኔ እውነት ነበር፤ ግን አንቺ ምን አጠፋሽ? ከዚያ ወዲህ ደስታሽን በሹክሹክታ ትጽፊልኛለሽ።

እሱ ከሞተ በኋላ ፊደል የቆጠርኩት በሳሙና ካርቶንና በአንሶላ ላይ በሚጻፈው የክፍል ስም ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ አንብቤ የጨረስኩት ያንኑ የድሮ ደብዳቤሽን ነበር። «እልል በይልኝ» የሚለው ላይ ስደርስ ጣቴ አልሄድ አለኝ።

ሐሙስ ለታ ግን ሴቶቹ ስቀው ሳይጨርሱ፣ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ እልልልልል አልኩ! አለቃችን የማጠቢያው ማሽን እጄን የያዘኝ መስሎት ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶ እየሮጠ መጣ። ማሽኖቹ ቀጥ ሲሉ የእኔ ድምፅ ብቻ ቀረ። ምን ሆነሽ ነው ቢለኝ፣ እህቴ ወልዳ ነው አልኩት። መቼ? ሲለኝ፣ የዛሬ ሃያ አራት ዓመት አልኩት። እንደ እብድ አየኝ። ሴቶቹ በሳቅ አንሶላው ላይ ወደቁ፤ ሳይረን ግን ነገሩ የገባት መሰለኝ፣ አልሳቀችም፤ እልልታውን ተቀበለችኝ። ያን ቀን እንደገና ያጠብነው አንሶላ ብዛቱ!

ይቅር ካልሽኝ ከእንግዲህ በሹክሹክታ አትጻፊልኝ። ልጁ ጥርስ ሲያበቅል፣ ሲድህ፣ ወተት ሲደፋ አፍሽን ሞልተሽ ጻፊ። አሁን አንባቢው እኔ ነኝ፤ በመካከላችን ማንም የለም።

ባለቤትሽን ከነሳሉ ሰላም በይልኝ። አማችሽን፣ አባት በመሆኑ እንዳይኮራብን ንገሪው። ሕፃኑን ግንባሩን ሳሚልኝ። አራሷን እንኳን ማርያም ማረችሽ በያት።

አንቺንም፣ ለዚያኛው ጊዜ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ። ደብዳቤሽ አሁን ደርሶኛል።

ታላቅ እህትሽ

ከማጣጠፊያው ክፍል፣ ሰኔ ፱ ቀን